የራፊቅ ወረዳና የእትዬ በላይነሽ ስለት

እንደው ልጠይቃችሁና፣ ስለት ስትሳሉ ቀን ትቆርጣላችሁ? እኔ አልቆርጥም ነበር። ዘንድሮ ግን ተምሬአለሁ። ያስተማረኝ ደግሞ ሰባኪ እንዳይመስላችሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ያለ፣ ረግጬው የማላውቅ አንድ ወረዳ ነው።

አሜሪካ፣ ዴንቨር አየር ማረፊያ መንገደኛ በዊልቸር እንገፋለን። እኔ አለሁ፣ እትዬ በላይነሽ አሉ፣ ራፊቅ የሚባል የባንግላዴሽ ሰው አለ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ባዶ ዊልቸሮቻችን ላይ ተቀምጠን እናወራለን፤ ይህን ለአለቃችን እንዳትነግሩብኝ። የእትዬ በላይነሽ እንግሊዝኛ ግማሽ ነው፣ የራፊቅም ግማሽ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ሙሉ ይወጣቸዋል።

የራፊቅ ወሬ ወረዳው ነው። በቤንጋሊኛ «ኡፖጂላ» ይለዋል። እኔ መቼም ወረዳ ሲባል የሚታየኝ ማኅተም የያዘ ሰው «ነገ ተመለስ» ሲለኝ ነው። የእሱ ወረዳ ሌላ ነው። በበጋ ዓይን እስኪታክት የሩዝ ማሳ ነው፤ መንደሮቹ አፈር ተቆልሎላቸው ጉብታ ላይ ተቀምጠዋል። ክረምት ሲገባ ከተራራው ውሃ ይወርድና ማሳው ባሕር፣ እያንዳንዱ መንደር ደሴት ይሆናል። ተማሪው በጀልባ፣ ሐኪሙ በጀልባ፣ አስተዳዳሪው ሳይቀር ለስብሰባ በጀልባ። ጀልባ የሌለው ባለጉዳይስ ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቀው፣ ዋና ይማራል አለኝ።

ሚያዝያ ላይ ራፊቅ ስልኩን ከጆሮው ማንሣት አቃተው። ሩዙ ደርሷል፣ ገና አልታጨደም። ውሃው ቀድሞ ከመጣ የእናቱና የወንድሞቹ የዓመት ቀለብ ሄደ ማለት ነው። እትዬ በላይነሽ አንጀታቸው አልቻለም። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ የደረሰ እህል ሲጠፋ አይተው ያውቃሉ። እዚያው ዊልቸራቸው አጠገብ ቆመው፣ «ገብርኤል፣ ያን ውሃ ያዝልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ጥላ ያሉት ለታቦት የሚያዘውን፣ ባለ ወርቅማ ዘርፉን ነው።

«እትዬ፣ ራፊቅ እኮ እስላም ነው» አልኳቸው።

«ሩዙ ምን አደረገ?» አሉኝ።

ውሃው አልመጣም። ሩዙ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ራፊቅ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሱቆች ጣፋጭ በካርቶን ገዝቶ አመጣልን። እትዬ በላይነሽም ያን ሰሞን ዊልቸር ሲገፉ አረማመዳቸው ሁሉ ተለወጠ። ሰማይ ቤት ሰው ያላቸው ናቸዋ።

ግንቦት አለፈ። ራፊቅ ስልኩ ላይ እንደገና ተተከለ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ደግሞ ምን መጣ? ለካ እዚያው አገሩ ያለችውን፣ ሳልማ የምትባለውን ልጁን ሊድር ነው። ታዲያ ይሄ ያስከፋል? ያስከፋል፤ ውሃው የለማ።

እኛ ክረምት ሲገባ ሠርግ እናቆማለን፤ እነሱ ያኔ ይጀምራሉ። የእርሻ ሥራ የለ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ጀልባው ከደጅ እስከ ደጅ ይደርሳል። ሙሽራውም፣ ድስቱም፣ አጃቢውም የሚጫነው በጀልባ ነው። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ማሳውን አጨቅይቶ ቀረ። እግር ይሰምጥበታል፣ ጀልባ አይንሳፈፍበትም። ሙሽራው ደግሞ ዱባይ ነው የሚሠራው፣ ፈቃዱ ሊያልቅ ነው። አሁን ካልሆነ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። «ልጄ ልብሷን አሰፍታ፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ ሰማይ ታያለች» አለን።

ወደ እትዬ በላይነሽ ዞር ብል ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ያዝልኝ አልኩት እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገርኩትም» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሳቄን ዋጥኩት። «አሁን ልቀቀው ይበሉታ።»

«መልአክ ነው እኮ። እንደ ቧንቧ ክፈት ዝጋ ይባላል? መጀመሪያ ስለቴ ይግባ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ጥላው የታሰበው ለሐምሌ ገብርኤል ነበር፤ ለሰኔ አሥራ ዘጠኝ አደረጉት። ነገሩን ለራፊቅ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ያ ለመያዣው ከሆነ ለመልቀቂያው እኔ ላስገባ አለ። እዚሁ ጎረቤት ከተማ አውሮራ፣ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ሁለተኛ ጥላ ተገኘ፤ እትዬ በላይነሽ ሁለቱንም ይዘው ገቡ። የሁለተኛው ባለቤት ማን እንደሆነ ቄሱ አልጠየቁም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ራፊቅ በበኩሉ በመስጊዱ ዱዓ አስደረገ። የልጅ ነገር ነው፣ ለአንድ ወገን ብቻ አይተውም።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው መጣ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ ራፊቅ ግን ወረዳው በውሃ ተሸፈነ ብሎ አቀፈኝ።

የሠርጉ ቪዲዮ ሲደርሰው ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ጀልባዋ በቀለም ወረቀት አሸብርቃለች። ሳልማ ቀይ ሳሪዋን ለብሳ መሐል ተቀምጣለች። ዝናቡ ይወርዳል። ኩሏ ጉንጯ ላይ ፈስሷል፣ ሳሪዋ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል፣ እሷ ግን ትስቃለች። አባትየው ከዚህ ሆኖ ስክሪኑን በአውራ ጣቱ እየጠረገ ያለቅሳል፤ እዚያ የሚዘንበው እዚህ የሚጠረግ ይመስል። እኔም አልቻልኩም፣ አብሬው አለቀስኩ።

እትዬ በላይነሽ አላለቀሱም። መነጽራቸውን አድርገው ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሹ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄን ሁሉ ጥላ ስናስገባ፣ ለሙሽራዋ አንድ የሚይዝላት ይጥፋ?»