የጀሪካኑ ዘፈን ባለቤት

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር። ቲክቶክ ላይ አንድ ዘፈን ለቆ ከታወቀ ወዲህ መሬት አይንካኝ የሚለው ኃይለየሱስ፣ የሲያድ ባጃጅ ውስጥ ተጎልቷል። እሁድ ሃኒን ለማጨት ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹን የሚያደርሰውም ሲያድ ነው። ዛሬ ግን ሲያድ የሚቀዳ ስልክ አፉ ስር ደቅኖበታል፤ ኃይለየሱስም ቃለ መጠይቅ መስሎት ደስ ብሎታል።)

ሲያድ፦ አቦ፣ ዘፈንህ ላይ ጀሪካኑን እንደ ከበሮ የደበደብኩት እኔ ነኝ!

ኃይለየሱስ፦ መደብደብ መብት አያሰጥም። የፈጠራ ባለቤትነት የሚባል ሕግ አለ፤ አንተ አይገባህም።

ሲያድ፦ ጀሪካኑስ የማን ነው?

ኃይለየሱስ፦ ያንተ።

ሲያድ፦ ድምፁስ?

ኃይለየሱስ፦ የኔ!

ሲያድ፦ ወላሂ ጉድ ነው! ነገ ውሃ ስቀዳ ቢንኳኳ አንተን ላስፈቅድ?

ኃይለየሱስ፦ በደንብ እንጂ!

ሲያድ፦ እሺ። አንተ ያልከው «ድሬ ሞቃለች» ብቻ ነው። ሌላውን ሕዝቡ ኮመንት ላይ እየተቀባበለ ነው የጨመረው።

ኃይለየሱስ፦ በኔ ላይ የተቀጠለ ሁሉ የኔ ነው።

ሲያድ፦ የመልካ ጀብዱው ገበሬ «ሽንኩርቴ ማሳው ላይ ተቁላላ» ያለው?

ኃይለየሱስ፦ የኔ!

ሲያድ፦ የሁርሶው ወታደር «ከስክስ ጫማዬ ቀለጠ» ያለውስ?

ኃይለየሱስ፦ የኔ!

ሲያድ፦ ዋሪያ፣ ቀስ በል! አንዳንዱን ለሕዝቡ ተውለት። ስለ ሳምቡሳ የተባለውን እንኳ አንተ አላልከውም፣ አይደል? አላልኩም በላ!

ኃይለየሱስ፦ አልልም! ሳምቡሳውም የኔ፣ ዘይቱም የኔ!

ሲያድ፦ አንብበኸዋል ግን?

ኃይለየሱስ፦ የራሴን ሥራ ምን አነባለሁ?

(ሲያድ በረጅሙ ተንፍሶ ስልኩን ነካ አደረገ።)

ሲያድ፦ በቃ፣ ድምፅህ ሄደ።

ኃይለየሱስ፦ ወዴት?

ሲያድ፦ ለእትዬ ተሻለች።

ኃይለየሱስ፦ ለሃኒ እናት? እሷን ምን አገናኛት?

ሲያድ፦ ሳምቡሳ የምትሸጠው ማን ሆነችና? (ያዜማል)
በድሬ ሙቀት ነፋስ ቢጠፋብን፣
በተሻለች ሳምቡሳ ታሽጎ አገኘን።
ጠዋት «እሁድ ሽማግሌ ደጄ እንዳይደርስ!» አለችኝ። እኔ ደግሞ «እሱ አላለውም፣ ሕዝብ ነው የጨመረው» ብዬ ማልኩላት። «እንግዲያው ከራሱ አፍ አሰማኝ» አለች።

ኃይለየሱስ፦ (ሲነሳ ጭንቅላቱ ከባጃጁ ጣራ ጋር ተጋጨ) አጥፋው!

ሲያድ፦ ሰምታዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ኃይለየሱስ፦ ሲያድ ወንድሜ፣ ዘፈን እኮ የጋራ ነው! የሕዝብ ነው! ጀሪካኑስ ያንተ አይደል? ግማሹን ውሰድልኝ!

ሲያድ፦ እኔ? መደብደብ መብት አያሰጥም። (ስልኩ ጮኸ፤ አነበበ) «ባለቤቱን እዚያው አቆይልኝ» ብላለች። ማማሰያዋን ይዛ ተነስታለች።

ኃይለየሱስ፦ ንዳው! ባጃጁን ንዳው!

ሲያድ፦ (ቀስ ብሎ ወርዶ ጀሪካኑን ከኋላ እያወጣ) ደረሰች መሰለኝ። ትንሽ እየመታሁ ልቀበላት፤ ትፈቅድልኛለህ?