እንሰቱ ሥር ያጠናሁት እንግሊዝኛ

ወዳጆቼ፣ ሰው በገዛ እናቱ ጓሮ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ጉድ ሲሆን አይታችኋል?

እኔ ዛሬ ሆንኩላችሁ።

እንደምታውቁት ጂንካ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደብተር ገዝቼ በቀን አሥር አሥር "አድቫንስድ" የእንግሊዝኛ ቃል መሸምደድ ጀመርኩ። "ቢዩቲፉል" የሕፃን ቃል ሆነብኝ። እኔ "ማግኒፊሰንት" ነው የምለው። ጓደኞቼ "ዲክሽነሪው" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሻችሁ።

ቅዳሜና እሁድ ሚኒባስ ይዤ የተወለድኩበት ገዘር፣ እማዬ ጋ እሄዳለሁ። ጓሮ እንሰቱ ሥር ጋደም ብዬ አጠናለሁ።

ቦታውን ብታዩት። ቅጠሉ ፀሐዩን አረንጓዴ አድርጎ ነው የሚያወርደው። ነፋስ ሲነካው ዝናብ የጀመረ ይመስላል። እዚያ ሥር ዓይኔን ጨፍኜ ቃሎቼን ሳነበንብ፣ አንድ ትልቅ ሰው "ይሄን እንግሊዝኛ የት ተማርከው?" ሲለኝ ይሰማኛል። መልሱም ተዘጋጅቷል። "ራሴን በራሴ" እላለሁ፣ ትንሽ ቆየት ብዬ።

ስንት ከሰዓት እንደዚህ አለፈ መሰላችሁ።

ታዲያ ትናንት ከውጭ የመጣች አንዲት ተመራማሪ አገኘችኝ። ስለ እንሰት ዓይነቶች ታጠናለች። ለስድስት ወር አስተርጓሚ ትፈልጋለች። ስድስት ወር ሙሉ ቱሪስት መጣ አልመጣ ብሎ መንገድ ማየት የለም ማለት ነው። ይሄን ሥራ ካላገኘሁ ሌላ ምን አገኛለሁ?

ቃሎቼን ዘረገፍኩላት። ቅንድቧ ከፍ አለ።

"አሪኛስ ትችላለህ?" አለች።

"የእናቴ ቋንቋ ነው" አልኩ፣ ተናድጄ ሁሉ።

"እንግዲያው ነገ እናትህ ጋ እንሞክርህ።"

የፈተናው ቦታ የራሴ ቤት ሆነ። ሌሊቱን በደስታ አልተኛሁም።

ጠዋት ገዘር ገባን። እማዬ ጓሮ አስገባችንና የመጀመሪያውን እንሰት ይዛ በአሪኛ ስሙን ነገረችን፣ ስለ እሱም ብዙ አወራች። ስሙ ጆሮዬን አልፎ ሄደ። የቀረውም አልገባኝም።

አትፍረዱብኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጂንካ አክስቴ ቤት ነው ያደግኩት። የእኔ አሪኛ "መጣሁ፣ በላሁ፣ ደህና ሁኚ" ነው። የቀረውን በአማርኛ እንግባባለን፤ እንሰት ላይ ስትደርስ ግን እማዬ አሪኛ ብቻ ነው የምታወራው።

ደረቴን ነፋ አድርጌ "ይሄ ማግኒፊሰንት እንሰት ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

እማዬ ወደ ሁለተኛው ሄደች። ሌላ ስም፣ ሌላ ረጅም ወሬ። እሱን "ኤክስኪዊዚት" አልኩት። ሦስተኛው "ኤክስትራኦርዲናሪ" ሆነ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆማለች። ወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል የለም።

"ልዩነታቸው ምንድን ነው አለች?" አለችኝ፣ በቀላል እንግሊዝኛ።

ዞሬ "እማ፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?" አልኳት።

"ታዲያ እስካሁን ምን ስነግርህ ነበር?" አለች እማዬ። ሳቋን ይዛ ነበር።

እኔ ግን ሁሉም ያው እንሰት ነው የሚመስለኝ።

እማዬ እንግዳዋ አሳዘነቻት መሰለኝ፣ አራተኛውን እንሰት በመዳፏ እየደባበሰች ፈገግ አለችላት።

"ማግኒፊሰንት" አለች። ጥርት አድርጋ፣ ከእኔ አሳምራ።

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቀች፣ ለእማዬ።

"ይሄን እንግሊዝኛ የት ተማርሽው በላት።"

አልኳት።

"እዚሁ ነዋ" አለች እማዬ። "ልጄ ተኝቶ ሲያነበንብ፣ እኔ አጠገቡ አረም እየነቀልኩ እሰማው ነበር።"

ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳልሳሳት ተረጎምኳት። ቀላል ቃላት ነበሩ።

ሥራው? ጥናቱ የሚጀመረው ከወር በኋላ ነው። "እስከዚያ እናትህ ካስተማረችህ ና፤ አለዚያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" ብላኝ ሄደች።

አሁን ያው እንሰቱ ሥር ነኝ። ነፋሱም ያው ነው። ደብተሩን ገልብጬ ከኋላ የእንሰቶቹን ስም በአሪኛ መጻፍ ጀምሬአለሁ። እማዬ አሥር እንሰት አሳይታ ፈተነችኝ፣ ሁለት አገኘሁ። አንዱን አዝናልኝ ነው።

ከእኔስ በጠቅላላው ስንት የእንግሊዝኛ ቃል እንደወሰደች ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ። ማነው የሚጠይቅልኝ?