ጋሽ አየነው እና የጦጣ ሰዓት

የማይሳሳት ሰው የሌለበት መንደር የለም። ከአዘና ከተማ ወጣ ብላ ጫካ ጥግ ላለችው መንደር የደረሷት ክቡር ጋሽ አየነው ናቸው፤ የጦጣ ጉዳይ ሚኒስትር። ማን ሾማቸው? ራሳቸው።

በቆሎ ሲያሸት ማሳ የሚጠበቅበትን ሰዓት የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። «ጦጣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ናት» ይላሉ ከዘራቸውን እየወዘወዙ። «ፀሐይ ሳይሞቃት ከዛፍ አትወርድም፤ ሲመሽ ትገባለች። በጨለማ ማማ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጅል ነው!» ሰውም ደስ ይለዋል፤ ተኙ የሚል ሚኒስትር ማን ይጠላል?

ባሏ የሞተባት ውዴም አመነቻቸው። ልጆቿን ዓመቱን ሙሉ የምታበላው ከአንዲት የበቆሎ ማሳ ነው።

ዘንድሮ ግን ጫካው ጥግ ወፍጮ ቤት ተከፈተና ሲያበራ የሚያድር ፓውዛ ተሰቀለ። ውዴ ሰጋች።

«ጋሽ አየነው፣ ይኼ መብራት ጦጦቹን አይቀሰቅስብኝም?»

«አንች ውዴ፣ ጦጣ ፀሐይና አምፖል መለየት ያቅታታል? ሂጅ ተኝ!»

ተኛች። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ማሳዋ ብትወርድ ጦጦቹ ጠግበው እየተመለሱ ነው። ለካ ፓውዛውን ንጋት ብለው ጎህ ሳይቀድ ወርደዋል። ከመብራቱ ወገን ያለው የማሳው እኩሌታ አገዳ ብቻ ቀርቷል። ውዴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ልጆቼን ምን ላብላ?» እያለች አለቀሰች።

ክቡርነታቸው መጡ፣ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እነዚህ ጦጦች ተሳስተዋል» አሉ።

ውዴ ያን ቀን ብትችል ጋሽ አየነውን ታንቃቸው ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ማማው ጋ ስትደርስ ቀድሟት የወጣ ሰው አለ። ጋሽ አየነው ጋቢ ተከናንበው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ጦጣን ከነዘር ማንዘሯ ይሳደባሉ።

«ኧረ ይውረዱ ጋሼ፣ ብርዱ ይገድልዎታል!»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የወጣሁ። ምን አገባሽ?»

በቆሎው እስኪደርቅ አንድም ማለዳ አልቀሩም። የቀረው እኩሌታ ተረፈ። እሳቸው ግን ሳል ይዟቸው አልጋ ላይ ወደቁ።

ውዴ ከአዲሱ በቆሎ ገንፎ ሠርታ ልትጠይቃቸው ሄደች። አንድ ጉርሻ እንኳ መዋጥ አቃታቸው። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «በቆሎው ለዓመት ያደርሳችኋል?» አሏት።

እንደማያደርስ ታውቃለች። ከግማሽ ማሳ ምን ይገኛል? ደግሞስ ስንት ቀን ስትሰድባቸው ከርማ የለ? ግን እጃቸውን ይዛ፣ «ያደርሰናል፣ ጋሼ፤ ይተርፈናልም» አለቻቸው።