ጓዳው ሙሉ፣ አባባ ባዶ

መክሳት በእኛ ቤት ጽድቅ ነበር። እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ ማለቴ ነው።

አባባ አባቴ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከትውልድ አገራቸው ከአማኑኤል አምጥቼ እዚህ ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ አኖርኋቸው። ጤፋቸውም በጆንያ ተከትሏቸው መጣ። በዓመቱ ሸሚዛቸው ሰፋ። ታዲያ ይህ ያስደነግጣል? ሰፈሩ ሁሉ ጾሙ ነው፣ ስግደቱ ነው እያለ አመሰገነ። ጎረቤታችን እትዬ ውብአለም ጉልበታቸውን ስመው፣ ሥጋን ማድከም እንዲህ ነው አሉ። እኔም ኮራሁ። የጻድቅ ልጅ መሆን ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ማዕድ ላይማ ብታያቸው! ከአውራ ዶሮው ፈረሰኛውን፣ ከበጉ ጎድኑን እሳቸው ፊት እናኖራለን። ባርከው አንዴ ይጎርሱና "በቃኝ፣ ልጆቹ ይብሉ" ይላሉ። ትልቅ ሰው አይስገበገብም። እኛም ጨዋነታቸውን እያደነቅን ድርሻቸውን እንጨርስላቸዋለን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ወደቁ። ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ነርሷ ክንዳቸውን ለካች፣ መዘነቻቸው፣ ከዚያም አባትህ ምግብ አንሷቸዋል፣ እንዲህ ከቀጠሉ ሌላ ጊዜ ሲወድቁ ላይነሡ ይችላሉ አለችኝ።

ሆድ ያባውን ሚዛን አወጣው። ደነገጥሁ። ስለ አባባ አይምሰልህ፤ መጀመሪያ ያየሁት ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ማን ሰማ? በጎጃም ምድር፣ ጤፍ ላይ ተቀምጦ አባቱን ያስራበ! ፈጥኜ ፈረሰኛውንና ጎድኑን ዘረዘርሁላት። አዳምጣኝ ስታበቃ አባባን "እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ" አለቻቸው።

ወዳጄ፣ የአባትህን አፍ ውስጥ አይተህ ታውቃለህ? ነውር ነው፤ እኔም አይቼ አላውቅም። ሦስት ጥርስ። ሁለቱ ታች፣ አንዱ ላይ፤ ያውም እርስ በርስ የማይተዋወቁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ምነው ዝም አሉ ብላቸው፣ "በክብር የሰጣችሁኝን አላኝክም ልበል?" አሉኝ። ነርሷ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ብላ አዘዘች። አባባ ፊታቸው ጠቆረ።

"ገንፎ የአራስ ነው፤ እኔ ምን ወለድሁ?"

የነፍስ አባታቸው ጾሙን በአንድ ቃል ፈቱላቸው። ገንፎውን ግን ማን ይፍታው? አምስት ቀን ሙሉ ቀርቦ ተመለሰ። አባባ ከአልጋ ለመነሣት የእኔን ክንድ መያዝ ጀመሩ። ክብደታቸው የጋቢ ያህል ነበር። ያን ጊዜ ስለ ወረፋው ሰው ማሰብ ተውሁ።

በስድስተኛው ቀን የእትዬ ውብአለም ልጅ ወንድ ወለደች። አባባ ደግፉኝና ልባርክ አሉ። አራስ ጠይቆ ገንፎ ሳይቀምስ የሚወጣ የለም፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ሦስት ሰዓት ሄደው ሰባት ሰዓት ተመለሱ፤ ጢማቸው ላይ ቅቤ። በማግስቱም ሄዱ። በሳምንቱ ያለ ደጋፊ ይሄዱ ጀመር። በደብረ ማርቆስ እንደዚያ ሕፃን የተመረቀ የለም።

ነገ አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ይነሣል። ሰፈሩ ድግስ ላይ ነው። አባባ ብቻ ተክዘዋል። ሴት ብትሆን ኖሮ እኮ ሰማንያ ቀን ነበር አሉኝ።

ባለቤቴ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ዛሬ ምሳ ስታነሣ ትኩር ብለው አዩዋትና በእርጋታ እንዲህ አሉ፦

"ለእግዜር ምን ይሳነዋል?"