ክቡር አጥኚ የይለፍ ቃል ካዝና ሲመርጡልን

በየቤተሰቡ አንድ አጥኚ አለ። እናንተ ቤት ከሌለ አጥኚው እናንተ ናችሁ ማለት ነው። አጥኚ ማለት ሌላው ሰው ገዝቶ፣ ተጠቅሞ፣ ሰልችቶት ለዘመድ የሰጠውን ዕቃ «ቆዩ፣ አትቸኩሉ፤ ገና እያጠናሁት ነው» የሚል ፍጡር ነው። መጥረጊያ ለመግዛት የባለሱቁን ወለል ጥግ እስከ ጥግ ይጠርጋል፤ ከዚያ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል።

የእኛ ቤት አጥኚ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። አንቱ የምላቸው በዕድሜ ርቀውኝ አይደለም፤ ይህን ያህል የሚያጠና ሰው «እሱ» ሲባል ስለሚያንስበት ነው። ቤተሰቡም «ክቡር አጥኚ» ይላቸዋል። ሥራቸው ፋርማሲስት ነው። ሁላችንም ጨምድደን የምንጥላትን፣ የጉንዳን ዓይን በሚያህል ፊደል የታተመች የመድኃኒት ማሸጊያ ወረቀት ከላይ እስከ ታች በደስታ የሚያነቡ፣ እኔ የማውቃቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። ሳሙናም ይቅረብላቸው የሰርግ ጥሪ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የጎንዮሽ ጉዳቱስ?» ብለው ነው።

ነገሩ የተጀመረው የእህቴ ገጽ የተሰረቀ ጊዜ ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች የምትለጥፍበት ገጽ ነበራት። ለኢሜይሏም፣ ለባንኳም፣ ለገጿም የምትጠቀመው አንድ የይለፍ ቃል ነበር፤ የገዛ ስሟ። አንድ ቀን ጠዋት ገጹ የራሰ በራ መድኃኒት ማስተዋወቅ ጀመረ። ደንበኞቿ ብዙም አልከፋቸውም፤ እንዲያውም አንዷ «ለባሌ አንድ ጠርሙስ አስቀምጪልኝ» ብላ ጻፈች። እህቴ ግን የዓመታት ሥራዋ ፎቶ በሙሉ መሰረዙን ስታይ፣ መቀሷን እንደያዘች ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት ክቡርነታቸው ሳሎን ሰበሰቡን።

«ለሁላችንም የይለፍ ቃል ካዝና ያስፈልገናል» አሉ። «ቃሎቻችሁን ሁሉ ቆልፎ የሚያስቀምጥ መተግበሪያ ነው። እናንተ የምታስታውሱት የካዝናውን ቁልፍ ብቻ ነው።»

«ነጻ አለው?» አለች እህቴ።

«ሞልቷል። ግን ነጻ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የጎንዮሽ ጉዳቱስ?»

«በቃ አንዱን ጫንልና!»

«ቆዩ፣ አትቸኩሉ።»

እውነቱን ለመናገር ሥራው ቀላል አልነበረም። እህቴ አይፎን ነው የያዘችው። እኔ የምጽፍበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው። ክቡርነታቸው፣ መቼም ሌላ ነገር ይሆናል ብላችሁ አልጠበቃችሁም፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ሊኑክስን ነው የሚጠቀሙት። እማዬ ደግሞ ጠርዙ የተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ አላት፤ በእሱ ጡረታዋን ትከታተላለች፣ ሩቅ አገር ካለው ወንድሟ ጋርም እየተያየች ታወራለች። ካዝናው በአራቱም ላይ እኩል መሥራት ነበረበት።

የመጀመሪያው በነጻ የሚሠራው ወይ በስልክ ብቻ ወይ በኮምፒውተር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ተባረረ። ሁለተኛው የትም ይሠራል፤ ግን ካዝናውን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ተሸክመን የምናደርሰው እኛው ነን። እኔ ቤት የቀየርኩት ቃል ቢሮ ስደርስ አሮጌው ሆኖ ይጠብቀኛል። እሱም ተባረረ።

በዚህ መሀል የቁልፍ ምርጫ ሥነ ሥርዓት ነበር። ስምና የልደት ቀን ክልክል። «አራት የማይገናኙ ቃላት ይምረጡ» አሏት እማዬን። እማዬ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ነው ጡረታ የወጣችው።

«የማይገናኙ?» አለች።

«አዎ እማማ፣ ጨርሶ የማይገናኙ።»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማይገናኙ ቃላት ስሰርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግስ ከሌለው አልጽፍም።»

ድርድሩ እስከ ምሳ ቆየ። በመጨረሻ ግስ ተፈቀደላት።

ሦስተኛው ካዝና ግን የተባረከ ነበር። ፈጣን ነው፣ ያምራል፣ በአራቱም ላይ ይሠራል። እህቴ ወደደችው። እኔም ቃሎቼን በሙሉ አስገባሁ። ሁላችንም ከለመድነው በኋላ ክቡርነታቸው ደወሉ።

«አጥፊው።»

«ምን አገኙበት?»

«አቀማመጡ አልተመቸኝም።»

«የምኑ አቀማመጥ?»

«እንዲያው... አቀማመጡ።»

እህቴ በዚያ ሳምንት ባሏን እንደ ሰለቻት ዕቃ «ውሰጂልኝ» አለችኝ። እኔም ከእሷ አልተሻልኩም። ትእዛዙን አክብሬ ካዝናውን ሳጠፋ፣ ለካ የሥራ ኢሜይሌን ቃል አላወጣሁትም ነበር! ጽሑፌ ኢሜይሉ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ፤ አዘጋጄ ይደውላል፣ እኔ አላነሳም። ደሜ ፈልቶ ወደ ፋርማሲው ሄድኩ። ልናገር ያሰብኩትን ሁሉ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ስለማመድ ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር።

ባንኮኒው ላይ የምትሠራዋ ልጅ «ከኋላ ናቸው» አለችኝ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

ክቡርነታቸው ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው የእማዬን የሚመስል፣ ያው ዓይነት አሮጌ ስልክ ይዘዋል። አጠገባቸው የቫዝሊን ቆርቆሮ ተከፍቷል። ያደረጉት የማንበቢያ መነጽር ደግሞ በሁለቱም በኩል በቫዝሊን ተለቅልቋል። ስልኩን አንዴ አፍንጫቸው ሥር፣ አንዴ ክንዳቸው እስከሚደርስ እያራቁ በጣታቸው ይዳብሳሉ።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው?»

ደነገጡ። መነጽሩን ከነቅባቱ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ሙከራ ነው» አሉ።

እማዬ ሰሞኑን የቤተሰባችንን መልእክቶች ፊደል ማረም ማቆሟ ትዝ አለኝ። እኛ እርጅና አለሳለሳት ብለን ነበር። መብራቱ ደከመ ብላ አምፖል ያስቀየረችኝም ትዝ አለኝ።

«እማዬ ዓይኗን ታማለች?»

«እኔ ስለ ሰው ምንም አላልኩም።»

«ጋሼ!»

«ስለ መተግበሪያው ከሆነ ልንገርሽ» አሉ፣ ስልኩን እያዞሩልኝ። «ያ የወደዳችሁት ካዝና ፊደሉን ስታተልቂው መክፈቻው ከስክሪኑ ተንሸራቶ ይወጣል። የሚያይ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። የማያይ ሰው ተበላሸ ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ሰው ጠርቶ ቁልፉን ይነግረዋል። መጥራት የማይወድም ሰው አለ።»

ከዚያ በላይ አንዲት ቃል ከአፋቸው ማውጣት አልቻልኩም።

አራተኛው ካዝና ተመረጠ። ቀለሙ የረጠበ ሲሚንቶ ነው፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ያቃስታል። እህቴ ገና ስታየው «ይሄን ለመምረጥ ነው ይሄ ሁሉ?» አለች። «ጥሩ ነው» አልኩ። በጉቦ የተገዛሁ ይመስል አፈጠጠችብኝ። እማዬ ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የወንድሟ ሳቅ ተሰማን። ካዝናውን ለመክፈት ማንንም አልጠራችም።

እሁድ ምሳ ላይ ራሷ ነገረችን። «ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ ይገፈፋል ብሏል፤ ቀንም ተቆርጦልኛል። አሁን እንዳታካብዱት።»

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። «የዓይን ጠብታዋን የምትሰጣት አንተ ነህ አይደል? ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር።»

«ለእኔ እንኳ? ለሚስትህ?»

ክቡርነታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ እንጂ ወሬ ሻጭ አይደለሁም።»

እህቴ ድስቱን ሳብ አድርጋ በክቡርነታቸው ሳህን ላይ፣ እሳቸው ሳይጠይቁ፣ ትልቁን ቁራጭ ሥጋ አወጣችላቸው። እኔም ተነስቼ ውኃ ቀዳሁላቸው። ክቡርነታቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ አዙረው፣ በደንብ ከመረመሩት በኋላ ጠጡት። ማንም አልሳቀባቸውም።