የቦቢ ትጋት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገሬ ሰው። እውነቱን ነው። ግን ይሄ ተረት ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ የሚጥል አይመስላችሁም? በሽታውን ሳይደብቅ፣ ቀን ከሌት እየጮኸ እየተናገረ ሰሚ ያጣውንስ ምን እንበለው? መርካቶ ስትውሉ ደግሞ ጩኸት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል። «መንገድ! መንገድ!» የሚለው ተሸካሚ ይጮኻል፣ ወደ ኋላ የሚመጣው አይሱዙ ይጮኻል፣ የታክሲ ረዳቱም ይጮኻል። ማን ለመሸጥ፣ ማን ለማለፍ፣ ማን ደግሞ አሞት እንደሚጮህ ለመለየት ጆሮ ብቻ አይበቃም። እኔ እንኳ እህል በረንዳ ውስጥ ምስርና ሽምብራ እየሸጥኩ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር መለየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው።

ያስተማረችኝ ውሻ ናት። «ደግሞ ለውሻ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፣ ትንሽ ታገሱኝ።

የሱቅ ረድፋችን ውሻ ስሟ ቦቢ ነው። የወንድ ስም መሆኑን እናውቃለን። ሴት መሆኗ የታወቀው ስሙ ከጸደቀ በኋላ፣ ጤፍ መጋዘኑ ጥግ ስትወልድ ነው፤ መርካቶ ደግሞ አንዴ የወጣ ስም አይመለስም። ቦቢን እህል ሊያራግፍ የመጣ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል ዳሌዋን ገጫት። አልሞተችም። አጥንቷ እንደ ነገሩ ጠመም ብሎ ገጠመ፣ እኛም «ዳነች» ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እንዲያውም ጭራሽ ባሰባት። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ነው የምታድረው። ሌባ በረድፋችን ማለፍ ተወ። «እንደ ቦቢ ያለ ትጉ ከየት ይገኛል?» እያልን ለጎረቤት ረድፍ ጉራችንን ነዛን። እንቅልፋም ሠራተኛ ያለው ነጋዴ ሁሉ «ከቦቢ ተማር» ይል ጀመር።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ተሸካሚ ኩንታል አዝሎ ሲያልፍ ጆንያው ጀርባዋን ቢነካት ባቱን ዘነጠለችው። ሰውየው መርፌውን ተወግቶ ተረፈ። ረድፉ ግን ተሰበሰበና «ሥጋ ይሰጣት» ተባለ። የደግነት ቃል እንዳይመስላችሁ። ውሻ ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ሥጋው ውስጥ ምን እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን፤ የመርዙን ስም መጥራት ስለሚከብደን ነው በሥጋው የምንጠራው።

የተቃወሙት ዘበኛችን ጋሽ ለማ ብቻ ናቸው። ከቦቢ ጋር አንድ ካርቶን ላይ የሚያድሩት፣ ከእራታቸውም የሚያካፍሏት እሳቸው ናቸው። «ተናካሽ ሆና አይደለም፤ አሟት ነው። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጡኝና ሐኪም ላምጣ» አሉ። ለውሻ ሐኪም! ልንስቅ አፋችንን ስንከፍት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየነው። ጊዜው ተሰጣቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የምትሠራ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ይዘው መጡ። ጋሽ ለማ የቦቢን አፍ በጨርቅ ሸብ አደረጉና አቀፏት። ሐኪሟ ወገቧን በጣቷ ጫን ስትለው ቦቢ እንደ ሰው አቃሰተች።

«ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል» አለች ሐኪሟ። «ነርቩ ግን መዳኑን አልሰማም። ሕመም ሲቆይ ነርቭ ማመሙን ይለምደዋል። ክኒን ብቻውን አይመልሰውም፤ ኬታሚን እጨምርላታለሁ።»

የጤፍ ጅምላ ነጋዴም የረድፋችን ሽማግሌም የሆኑት ሐጂ ሸምሱ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ይከታተላሉ። ሐጂ ለውሻ እጃቸውን አይዘረጉም፤ ምክራቸውን ግን ለማንም አይነፍጉም።

«ያ ለኦፕራሲዮን ሰው የሚያስተኙበት?»

«አዎ ሐጂ። ሲበዛ ያስተኛል፤ በትንሹ ሲሰጥ ግን ሕመሙን ዝቅ ያደርገዋል።»

መድኃኒቱን ስባ መርፌውን ወደ ብርሃን ስታነሳ ረድፉ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ውስጡ ያለው ጠብታ ቢባል ነው። የሐጂ ፊት ተለወጠ።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ምርቃቱስ?»

እህል በረንዳን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚህ ሰፈር እህሉ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ከላይ አንድ እፍኝ ጣል ካልተደረገበት እንደተሸጠ አይቆጠርም። ምርቃት የነፈገ ነጋዴ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ሰላምታም ያጣል። ስለዚህ የሐጂን ጥያቄ ሁላችንም ተገቢ ሆኖ አገኘነው። «ጨምሪላት እንጂ!» «እናት እኮ ናት!» «ለአንቺም በረከት ነው!» ሐኪሟ መርፌዋን እንደያዘች ጨረታ መሃል ቀረች።

«ሐጂ» አለች በመጨረሻ፣ «ጤፍ ሲመረቅበት ጤፍ ይበዛል። ይሄ ሲመረቅበት ግን ሌላ ዕቃ ይሆናል።»

ሐጂ አሰቡበት። «እንግዲያው በልኩ። ቢስሚላህ በይ» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ወጋቻት። ትንሽ ቆይቶ ቦቢ ዓይኗን እንዳፈጠጠች፣ ለሃጯን እያዝረበረበች፣ ያለችበት ዘፍ አለች። አንዱ «ገደለቻት!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ለማ ቆባቸውን አወለቁ። ሐኪሟ ግን ካርቶኑ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ልቧን እያዳመጠች «ራሷን አዙሯት ነው፤ ያልፋል» አለች። አለፈም። ቦቢ ተነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ከተገጨች ወዲህ ተኝታበት በማታውቀው ጎኗ ጋደም አለችና እንቅልፏን ለጠጠችው። ጋሽ ለማ አለቀሱ። እኔም፣ የጎረቤቴ በርበሬ ብናኝ ነው ብላችሁ አታምኑኝም፣ አለቀስኩ።

ሐኪሟ እየተመላለሰች ወጋቻት፤ ክኒኑንም ጋሽ ለማ በዳቦ ጠቅልለው እያጎረሷት ሰነበቱ። አሁን ጆንያ ቢነካት ዞር ብላ ከማየት በቀር ነገር የላትም። የሥጋው ጉዳይ ቀረ። በምትኩ ሌላ ጉዳይ መጣ፤ ቦቢ መጮህ ተወች። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ረድፉ እንደገና ተሰበሰበ፣ ሐኪሟም ተጠራች፤ «መድኃኒትሽ አደነዘዛት፣ ዘበኛችንን አበላሸሽብን» ተባለች።

«አልደነዘዘችም» አለች። «የመርፌው መድኃኒት በዚያው ዕለት ነው ከሰውነቷ የሚወጣው። ድሮ ስትጮህ የነበረው አሟት ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ጉራ የነዛንበት ትጋት ለካ ልቅሶ ኖሯል። አፈርን። እፍረቱ ትንሽ ቢቆይ ጥሩ ነበር፤ ሐጂ ቸኮሉ።

«እንግዲያው» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «መድኃኒቱ ይቁምና ወደ ሥራዋ ትመለስ።»

በስምምነት ራሱን የነቀነቀም ነበር። ነጋዴዎች አይደለን?

ጋሽ ለማ ግድግዳውን ይዘው ብድግ አሉ። «ሐጂ፣ እኔስ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን የማልከድነው ለምን ይመስልዎታል? ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ ነው። እኔንም ‹ለማ ትጉ ነው› ትሉኛላችሁ። እኔንም አትታከም ልትሉኝ ነው?»

ሐጂ የጋሽ ለማን ጉልበት አዩ፣ ቦቢን አዩ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ሰው አታክሚም?» አሏት።

ሰው አታክምም። በማግስቱ ሐጂ ራሳቸው ጋሽ ለማን በመኪናቸው ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ መድኃኒትም ታዘዘላቸው። የቦቢም ሕክምና ቀጠለ። አሁን ሁለቱም ሌሊቱን ጎን ለጎን ሲያንኮራፉ ያድራሉ፣ እኛም ለረድፉ አዲስ ዘበኛ ፍለጋ ላይ ነን። የሚያመው ሰው አንቀጥርም ብለን ተስማምተናል። ምንም ሳያመው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።