ለሁሉም ይሆናል ያልኩት አዋዜ

ዛሬ በገዛ ላይቬ ላይ፣ በገዛ እናቴ አፍ የደረሰብኝን ጉድ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ላይቩን ያያችሁት ዝም በሉ። እናንተ ገና ስቃችሁ አልጨረሳችሁም።

እንደምታውቁት መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ የእማዬን አዋዜ እሸጣለሁ። እማዬ ቤት ታዘጋጃለች፣ እኔ ብልቃጥ ውስጥ እሞላና ስቲከር እለጥፋለሁ። ሱቁ ግን የእትዬ ዘይነባ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ቅመም ነጋዴ። "እስክትቋቋሚ" ብለው በራፋቸው ላይ አንድ መደርደሪያ ለቀቁልኝ። ምሳቸውን ያለ እኔ አዋዜ አይበሉም።

ስቲከሩን ዲዛይን ያደረግኩት እኔው ነኝ። "የጾም። ሃላል። ግሉተን ፍሪ። ለሁሉም ይሆናል።"

ማን መረመረው? ማንም!

እኛ ቤት ሥጋና ቅቤ ከሌለበት ሌላ ጥያቄ የለም። ግሉተን ፍሪ ማለት ደግሞ ስንዴና ገብስ የሌለበት ነው አሉ፤ በርበሬ ውስጥ ስንዴ ምን ይሠራል?

ዛሬ ላይቭ ላይ እያለሁ አንዲት እናት መጣች። ልጇን ሐኪም ስንዴና ገብስ ከልክሎታል። "ምግብ አልጥም ብሎታል፣ ይሄ ይስማማው ይሆን?" አለችኝ።

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ስጪው" አልኳት።

እትዬ ዘይነባም ምሳቸውን እየበሉ፣ "እኔ ምስክር ነኝ፣ በየቀኑ ነው የምበላው" አሉላት።

ሴትዮዋ ግን ጠንቃቃ ናት። "በምንድን ነው የሚለወሰው?"

እኔ እንጃ። ግን ካሜራ ፊት "እንጃ" ይባላል? እማዬ ጋ ደወልኩ። በስፒከር!

"እማዬ፣ አዋዜውን በምንድን ነው የምትለውሺው?"

"በጠላ ነዋ። በውሃማ ምን ጣዕም አለው? የገብሱን ብቅል ራሴ ነኝ የማበቅለው። ለሰው ንገሪ እንጂ።"

ተነገረ፣ እማዬ። አገር ሰማ።

ኮመንቱ ፈነዳ። አንዱ "ሃላል ጠላ ስንት ነው?" ብሎ ጻፈ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ማለት ይሄ ነው።

ሴትዮዋ ብልቃጡን ቀስ ብላ መለሰችው። እትዬ ዘይነባ የጎረሱትን ተፉ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ላይቩን ዘጋሁት።

እዚህ ጋ ቀልዱ ቆመብኝ። መደርደሪያ ሌላም ቦታ ይገኛል። እትዬ ዘይነባን ግን ከየት አመጣለሁ?

"እትዬ፣ ባላውቅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ባለማወቅ የበላሁትን አላህ ይምረኛል" አሉ። "አንቺ ግን ሳታውቂ ለምን ጻፍሽ?"

ስቲከሮቹን ከብልቃጦቹ ላይ መላጥ ጀመርኩ።

እትዬ የራሳቸውን በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አቀረቡልኝ። "ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ለውሺ፣ እያየሁሽ።" ለወስኩ። ቆማ ስታየን የነበረችው ሴትዮም ደስ ብሏት ብልቃጥ ስጪኝ አለች።

ልሰጣት ስል ወፍጮ ቤቱ ትዝ አለኝ። የእኛም የእትዬም በርበሬ የሚፈጨው ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ ዝም ብዬ መሸጥ እችል ነበር።

"እህቴ፣ ይሄም ለልጅሽ አይሆንም" ብዬ ምክንያቱን ነገርኳት።

እትዬ ዘይነባ አንዴ አዩኝና ለሴትዮዋ ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ ቋጠሩላት። "ሙቀጫሽን ደህና አድርገሽ አጥበሽ ቤትሽ ውቀጪለት።" ሴትዮዋ ሁለታችንንም አመስግና ሄደች።

ከዚያ እትዬ አዲስ ምሳ አስመጡ። በውሃ የተለወሰውን እያጠቀሱ "ጣዕም የለውም" እያሉ ጨረሱት። እጃቸውን ታጥበው "ነገም ይሄንኑ አምጪ" አሉኝ። ላለቅስ ነበር።

አሁን እማዬ እየደወለች ነው። "ምን አሉ? ጠላውን ወደዱት?" ትላለች።

እስቲ ኮመንት ላይ እርዱኝ፣ ምን ልበላት?